ማትሪክስ በኢሞ

ጥር 14 ቀን 2010፣ መካነ ሰላም

ትምህርት ቆመ። ማስታወቂያው ግን «ቆመ» አይልም። «በወቅታዊው ሁኔታ ምክንያት የመማር ማስተማሩ ሂደት በአማራጭ ስልት ይቀጥላል» ነው የሚለው። ወቅታዊው ሁኔታ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ስሙን የሚጠራም የለም። ልጆቹ ከቅዳሜ ጀምሮ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግቢው ባዶ ነው። ከሩቅ የመጡት በየአገራቸው አቅራቢያ ወዳለ ካምፓስ ተዛወሩ። የዚሁ አካባቢ ልጆች፣ የአቀስታው፣ የወግዲው፣ የኩታበሩ፣ መቶ ሠላሳ ሁለት ሆነው ለኔ ተሰጡ። ሊኒየር አልጀብራ ላስተምራቸው ነው፤ የት እንደሆነ ግን አልተነገረኝም።

ጥር 17

ስብሰባ። አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

የካምፓሱ አስተባባሪ አቶ ገበየሁ የነገሩን ይህ ነው፦ ትምህርቱ በስልክ ይሰጣል፤ አደረጃጀቱ ደግሞ እንደ ገበሬው አንድ ለአምስት ይሆናል። ስልክ ያላቸው ሃያ ሁለት ልጆች ጠርናፊ ይባላሉ። እኔ ለጠርናፊዎቹ እልካለሁ፣ እያንዳንዱ ጠርናፊ ስልክ ለሌላቸው አምስት ጓደኞቹ ገልብጦ ያስተምራል፣ በየሳምንቱ ቅጽ ሞልቶ ይመልሳል። «ገበሬው በአንድ ለአምስት ምርቱን እጥፍ ባደረገበት አገር፣ የተማረን ሰው ማትሪክስ ያቅተዋል?» አሉ። ማንንም አያቅተውም አልን።

ዳታ ሲጠፋስ ብዬ ጠየቅሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «አማራጭ ይፈለጋል» ተብሎ ሰፈረ።

በቴሌግራም እንሁን ቢባል ቴሌግራም ያላቸው ሰባት ናቸው። ኢሞ ግን ሃያ ሁለቱም አላቸው። እናቱ፣ እህቱ ወይ አክስቱ ዓረብ አገር ያልሄደችበት ቤት ስለሌለ ኢሞ የማይጫንበት ስልክ የለም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በኢሞ ሆነ።

ስንወጣ አቶ ገበየሁ ክንዴን ያዙኝ። «አበጋዝ፣ ይህን ካሳካህልኝ የሦስተኛ ዲግሪ ድጋፍ ደብዳቤህን ዐይኔን ሳላሽ ነው የምፈርም።» ሁለት ዓመት የለመንሁት ደብዳቤ ነው። ሰውዬው ሲፈልጉ ጥሩ ሰው ናቸው።

ጥር 21

የመጀመሪያው ትምህርት። የኔ ስልክ ካሜራው ደብዛዛ ስለሆነ የቤት አከራዬን የወይዘሮ የሻለምን ተዋስሁ። ልጃቸው ከኩዌት የላከችላቸው ነው፤ በእጃቸው ከመጣ ወዲህ ያለሳቸው ማንም አልነካውም። «እኔ ራሴ እይዝልሃለሁ» አሉ። ያዙልኝ።

ሰሌዳ የለም። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ በር አረንጓዴ ቀለም ስለተቀባ ጠመኔ ይቀበላል። በሩ ላይ ጻፍሁ። አርባ ደቂቃ አስተማርሁ፤ ቪዲዮው ከባድ ነው ስለተባለ አሥራ አንድ ቦታ ተቆራረጠ። ሦስተኛው ቁራጭ ላይ የጎረቤት በግ ገብቷል። ስድስተኛው ላይ ወይዘሮ የሻለም «ልጄ፣ ጉሮሮህ ደረቀ፣ ውኃ ጠጣ እንጂ» ሲሉ ይሰማል፤ እኔም ጠጥቼ ስቀጥል እታያለሁ።

አምስተኛውን ቁራጭ ወይዘሮ የሻለም በስሕተት ኩዌት ላኩት። ልጃቸው መለሰች፦ «እማ፣ ይኼ ሰውዬ በሩን ምን አድርጊ ነው የሚለው?»

ከሃያ ሁለቱ ጠርናፊዎች አሥራ አንዱም ቁራጭ የደረሳቸው አራት ናቸው። አንደኛዋ ሱሀይላ አህመዲን ናት፣ የአቀስታዋ። ክፍል ውስጥ ከፊተኛው ረድፍ ተነሥታ የማታውቅ ልጅ። «ደርሶኛል ቲቸር፣ በጉም ደርሶኛል» ብላ ጻፈች።

ጥር 26

ዳታ እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነው አሉ። ማን እንዳለ አላውቅም። ቪዲዮው ይቅር፣ ሃንዳውት በእጄ ልጻፍ። ስለ ኢንቨርስ። ሃያ ደቂቃ። አልደገምሁትም። ፎቶ አነሣሁ፣ ላክሁ። አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ጠፋ። የሃያ ሁለቱም «ደርሷል» ይላል። ተመስገን።

የካቲት 1

ሪፖርት ቀረበ። ቅጹ ላይ «ትምህርቱ የደረሳቸው ተማሪዎች በመቶኛ» የሚል ሳጥን አለ። «አላውቅም» የሚል ሳጥን የለም። ስልሳ ብዬ ወሰድሁላቸው። አቶ ገበየሁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሰው ሲያሳዝናቸው እንዲህ ያደርጋሉ።

«ስልሳ ያልሠራ ሰው ቁጥር ነው» አሉ።

«መቶ ልበል?»

«መቶ የውሸታም ነው። ዘጠና ስምንት ነጥብ አራት በል። ነጥብ ያለው ቁጥር ሰው ያምነዋል።»

ጻፍሁ፣ ፈረምሁ። እሳቸውም የጥር 26ቱን ሃንዳውት አስገልብጠው በየገጹ ማኅተም መቱበት። ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ወደ ዞን ሄደ፤ ለየጠርናፊውም ተበተነ። በእጅ ጽሑፌ ላይ ክብ ማኅተም ሳይ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኋት።

የካቲት 4፣ እሑድ

ሱሀይላ ደወለች። ኢሞ ሳይሆን ተራ ስልክ፤ የካርዱን ገንዘብ እያሰብሁ ቶሎ እንድትጨርስ ፈለግሁ።

«ይቅርታ ቲቸር፣ በእሑድ። ሃንዳውቱ ገጽ ሦስት ላይ አንድ ነገር አልገባኝም።»

ገጽ ሦስት ላይ ያለው እንዲህ ነው። ኢንቨርስ ማለት አንድ ማትሪክስ የሠራውን መልሶ የሚያፈርስ ማትሪክስ ነው። ኤ የተባለውን ማትሪክስ ቢ በተባለው ካባዛህ የብዜቱ ኢንቨርስ ምን ይሆናል? እኔ «የኤ ኢንቨርስ ሲባዛ በቢ ኢንቨርስ» ብዬ ጽፌአለሁ።

«ተራው መገልበጥ የለበትም ወይ?» አለች። «ይኼ አገር ብርድ ነው ቲቸር፣ ሹራብ ለብሼ ጋቢ እደርብበታለሁ። ሳወልቅ ጋቢው ነው የሚቀድመው። እርስዎ ከጋቢው ሥር ሹራቡን መጀመሪያ እያወለቁት ነው።»

አየዋለሁ አልኋት። ልትዘጋው ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ጨመረች። አባቷ ይህን ኮርስ ከጣለች ጅዳ አክስቷ ዘንድ እንደምትሄድ ቆርጠው ነግረዋታል። ፓስፖርቷ ወጥቷል፣ አክስቷ የምትሠራበት ቤት አግኝታላታለች። «ስለዚህ ገምቼ መሥራት አልችልም፣ ትክክሉን ማወቅ አለብኝ» አለች።

ሥራው ሁለት መስመር ነው። ሠራሁት። እሷ ትክክል ናት። ይህን ደግሞ እኔ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አውቀው ነበር።

ራሴን ስገመግም፦ ቸኩዬ ነው። ዳታው እስከ አምስት ሰዓት ስለተባለ ነው። ማንም ሰው በሃያ ደቂቃ ይህን ይሳሳታል። እንዲህ ብዬ ከጻፍሁት በኋላ ቀለል አለኝ።

የካቲት 5

ማስተካከያ ጻፍሁ። ዳታ የለም። ወደ አቶ ገበየሁ ቢሮ ሄጄ ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ተነሥተው በሩን ዘጉ፣ ይህ ከቁጣ ይብሳል።

«ማኅተም አርፎበታል እኮ» አሉ።

«ሒሳብ ነው አቶ ገበየሁ። ስሕተት ነው።»

«ሌላ ዞን ተሞክሮውን ሊቀስም እየመጣ ነው። አሁን ማስተካከያ ብትልክ ተሞክሮው ምን ሊባል ነው?»

«ትክክል።»

«አሁንም ትክክል ነው። መቶ ሠላሳ ሁለት ሰው ተቀብሎታል፣ አንድ ሰው ቅሬታ አላቀረበም።» አንዲት ልጅ አቅርባለች አልኋቸው። «በቅጹ ላይ?» አሉ። በስልክ ነው አልሁ። «እንግዲያው አልቀረበም።»

ለማንኛውም ዳታ ሲመጣ ቀስ ብዬ ለልጆቹ እልከዋለሁ። እሳቸው የኢሞ ተማሪ አይደሉ፣ በምን ያውቃሉ።

የካቲት 9

ዳታ መጣ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ነበረ። የሦስተኛ ዲግሪ ማመልከቻዬን ከነማስረጃው ላክሁ፤ ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ደጋግሞ እየተቋረጠ አንገላታኝ። ማስተካከያውን ነገ።

የካቲት 10

ዳታ የለም።

የካቲት 14፣ አቀስታ ደርሼ መመለሴ

ሱፐርቪዥን። በካምፓሱ መኪና፣ አቶ ገበየሁ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከሃንዳውት እሽግ ጋር። አቀስታ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል።

የሱሀይላ አባት ጋሽ አህመዲን ገበያው ጥግ ጫማና ብርድ ልብስ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ከሱቁ ጀርባ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ አምስቱ ልጆች በካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። ሱሀይላ የጫማ ሣጥን ዘርግታ ሰሌዳ አድርጋዋለች። ግድግዳው ላይ ማኅተም ያለበት ሃንዳውቴ ተለጥፏል። እንዳየሁት አንገቴን ቀበርሁ።

አቶ ገበየሁ ግን ፊታቸው በራ። ሱሀይላ ጠመኔ እንደያዘች፣ አምስቱ ቀና ብለው እንደሚያዩ አስመስለው ፎቶ አነሡ። ልጆቹ ከዚያ በፊትም ቀና ብለው ነበር የሚያዩት፤ አሁን ግን ማስመሰል ስላለባቸው ተቸገሩ።

ጋሽ አህመዲን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። «መምህሬ፣ አብሽር ይበሉኝና ልረፍ። ልጂቱ ታልፋለች? እኔ እሷን መላክ ደስ ብሎኝ መሰለዎት? ወላሂ አይደለም። ግን እህቴ ቦታ ይዛ እየጠበቀቻት ነው፣ ከመጋቢት አያልፍም። እዚህም እዚያም ሳትሆን እንዳትቀርብኝ ነው።»

ጎበዝ ናት አልኋቸው። እሱን አልጠየቅሁም የሚል ፊት አሳዩኝ።

ያኔ ሱሀይላ ወደ ግድግዳው ዞራ ገጽ ሦስትን በጣቷ ነካች። «ቲቸር፣ ያልነገሩኝ ይኼ ነገር አለ። ለነዚህ ምን ብዬ ላስተምራቸው? ፈተናው ላይ ቢመጣ የትኛውን እንጻፍ?»

አምስቱም አዩኝ። አባቷ አዩኝ። አቶ ገበየሁ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።

«ሃንዳውቱ ላይ እንዳለው» አልሁ።

«እንዳለው?»

«እንዳለው።»

«እሺ» አለችና ለአምስቱ ዞረች። ጋሽ አህመዲን ቆመው ዱዓ አደረጉልኝ፤ አቶ ገበየሁም ከልባቸው አሚን አሉ።

መኪና ውስጥ ሆኜ ያሰብሁትን ልጻፍ። የነገርኋት ለጊዜው ነው። ቤት ስደርስ ደውዬ ለብቻዋ ትክክሉን እነግራታለሁ። እሷ አስተዋይ ናት፣ ይገባታል። በሰው ፊት አስተባባሪን ማሳፈር ደግሞ ከኛ ባህል አይደለም። እስከ መካነ ሰላም ድረስ ይህንኑ እየመላለስሁ ነው የመጣሁት፤ ደርሼም አልደወልሁም።

የካቲት 17

ልደውልላት ነበር። ካርድ አልቆብኛል። ሱቅ ወርጄ ስኳርና ምላጭ ገዝቼ ተመለስሁ።

የካቲት 24

ግምገማ። ሁላችንም ተራ በተራ ግለሂስ አደረግን። የፊዚክሱ ሁዜይፋ «ለሥራ ያለኝ ከፍተኛ ፍቅር ጤናዬን እንድረሳ አድርጎኛል» አለ። ከባድ ድክመት ነው ተብሎ ተመዘገበ። ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቁት አቶ አምባቸው አንዳንዴ ከመግቢያ ሰዓት ቀድመው እንደሚመጡ አመኑ።

የኔ ተራ ደረሰ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተነሥቼ እውነቱን ተናገርሁ። ሃንዳውቱ ገጽ ሦስት ላይ የተሳሳተ ነው አልሁ። ለመቶ ሠላሳ ሁለት ተማሪ ሐሰት አስተምሬአለሁ፣ ሪፖርቱም ሐሰት ነው፣ አንዲት ልጅ ደርሳበት ብትጠይቀኝ በፍርሃት ዋሽቻታለሁ አልሁ። እንዲህ የተናገርሁበት ቀን በዕድሜዬ የለም።

አቶ ገበየሁ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ጓዶች፣ ግለሂስ ማለት ይህ ነው» አሉ። «እናንተ በሰዓት መግባት መውጣት ትሽሞነሞናላችሁ። አበጋዝ ሥጋውን ነው የቆረጠው። ሰው ራሱን እስከዚህ ድረስ ሲወቅስ አይቼ አላውቅም።»

ተጨበጨበልኝ። ዘጠና አራት ከመቶ አገኘሁ፣ ከካምፓሱ አንደኛ። የሞዴል መምህር ሰርተፊኬት ይሰጠው ተባለ። «ራስን በመውቀስ ረገድ አርአያ» የሚል ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ። ስለ ገጽ ሦስት የሰፈረ የለም።

ስንወጣ የኬሚስትሪዋ እሌኒ ደረሰችብኝ።

«ያልከው የምር ነው እንዴ?»

«የምር ነው።»

«ለልጆቹ ነገርካቸው?»

«ስናገር ሰምተሻል።»

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ ልጆቹ ነው» ብላ ወደ ታክሲው ሄደች። ምቀኛ ናት ብዬ ነበር የጻፍሁት፤ ሰረዝሁት። ምቀኛ አይደለችም።

መጋቢት 2

ፈተናው ረቡዕ በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ከሃንዳውቱ በኋላ የላክኋቸው ምዕራፎች የደረሱት ለጥቂት ሰው ስለሆነ፣ ደረሰ በተባለው ላይ ብቻ አውጣ ተባልሁ። ዘጠና ስምንት ነጥብ አራት በመቶ የደረሰው ሃንዳውቱ ነው። እናም የገጽ ሦስቱ ጥያቄ ብቻውን ሃምሳ አምስት ነጥብ ያዘ። እሱን የሳተ ሌላውን ሁሉ ቢያገኝ አያልፍም። የመልስ ቁልፉ በሃንዳውቱ መሠረት ተዘጋጅቶ ማኅተም ተመታበት።

ዛሬ ዳታ ነበረ። ማስተካከያውን አውጥቼ አየሁት። ከፈተና በፊት ሦስት ቀን ሲቀረው ልጆቹን ማደናገር ተገቢ አይደለም።

መጋቢት 7

ወረቀቶቹ በኬሻ መጡ። ከወግዲ የመጣው ዝናብ ነክቶታል፤ ደረቅ ወቅት ነው፣ ዝናቡን ከየት እንዳመጡት አልጠየቅሁም።

የወግዲንና የኩታበርን አገላብጬ አየሁ። ሁሉም ገጽ ሦስትን እንደ ዳዊት ደግመውታል። አንድ ፊደል አልተሳሳቱም። የኔን ስሕተት በኔው የእጅ ጽሑፍ ዓይነት የጻፉም አሉ።

ወሰንሁ። ይህን በደንብ ልጻፈው፣ ነገ እንዳልክደው። የአቀስታውን ፖስታ ገና አልከፈትሁም። ግን ሱሀይላ ትክክሉን እንደጻፈች እርግጠኛ ነኝ። እሷ ያወቀችውን ነገር አላወቅሁም ብላ የምትጽፍ ልጅ አይደለችም። በማኅተሙ ቁልፍ ከታረመ ሁሉም ያልፋል፣ የምትወድቀው እሷ ብቻ ናት። በመቶ ሠላሳ ሁለት ሰው መካከል ትክክል የሆነች አንዲት ልጅ ስለ ትክክለኛነቷ ጅዳ ልትሄድ ነው። ይህ አይሆንም። ቁልፉን እለውጣለሁ። እሷ ታልፋለች፤ የሌሎቹ ጥፋት የኔ ነው ብዬ ደብዳቤ ጽፌ ድጋሚ ፈተና እጠይቅላቸዋለሁ። ሰርተፊኬቱን ይውሰዱት፣ የድጋፍ ደብዳቤውም ይቅር። አቶ ገበየሁ ቢጮሁም ይጩሁ።

ለወይዘሮ የሻለም ነገርኋቸው። «እንዲህ ሰው ሁን እንጂ» አሉኝ። ከሁለት ወር ወዲህ እንደዛሬ ቀና ብዬ አልሄድሁም።

መጋቢት 10

የአቀስታውን ከፈትሁ። የሷ ከላይ አራተኛው ነው።

የብዜቱን ኢንቨርስ ተራውን ገልብጣ ሠርታዋለች። ቢ ቀድሞ፣ ኤ ተከትሎ። ማረጋገጫም ጨምራለች፣ እኔ ያላስተማርኋትን፣ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፤ ከኔ ያማረ ነው። ከዚያ ዙሪያውን በማስመሪያ ከልላ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ መስመር አስምራ ሰርዛዋለች። ከሥር የሃንዳውቱን መልስ ጽፋለች።

ደንቡ የተሰረዘ አይታረምም ይላል።

ቁልፉን ብለውጥ መቶ ሠላሳ ሁለቱም ይወድቃሉ፣ እሷም ጭምር። ድጋሚ ፈተና ሐምሌ ነው የሚሰጥ፣ አክስቷ ከመጋቢት አትጠብቅም። ባልለውጥ ሁሉም ያልፋል።

በማኅተሙ ቁልፍ አረምሁ። እስከ ማታ ጨረስሁ። ከባድ ሥራ አይደለም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

መጋቢት 11

መቶ በመቶ አለፉ። አቶ ገበየሁ ነጥብ ስላለው ቁጥር ሊያነሡ ፈልገው ተዉት። የድጋፍ ደብዳቤውን ፈረሙልኝ።

መጋቢት 12

ደወልሁላት። አልፈሻል አልኋት። ስልኩን በእጇ ጋርዳ ለአባቷ ስትነግር ሰማሁ፤ ጋሽ አህመዲን ጮክ ብለው ምስጋና አደረሱ፣ ከዚያ የጅዳዋ እህታቸው ጋ ደውሉ እያሉ ቤተሰቡን ሲያዝዙ ይሰማል። ቦታውን ለሌላ ሰው ስጪ በሏት አሉ።

ተመልሳ መጣች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? የሰረዝኩትን አዩት?»

«አይቻለሁ።»

«ትክክል ነበር አይደል?»

«ትክክል ነበር» አልሁ። ይህን ለማለት አንድ ወር ከስምንት ቀን ፈጀብኝ።

የምትሰድበኝ መሰለኝ፤ ብትሰድበኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ባልሰርዘው ኖሮስ?»

ልዋሻት አሰብሁ፣ ግን አልሆነልኝም። «ትወድቂ ነበር» አልኋት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ከልቧ። «እንኳን ሰረዝኩት።»

እንኳን ደስ ያለሽ አልኋት።